ከካርባይድ እስከ ኤልኢዲ፦ የትራክተር የሌሊት መብራት ታሪክና ያስተማረን ጥንቃቄ

ዝናቡ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረውና ያልታረሰው መሬት የአራት ቀን ሥራ ሲሆን፣ ባለ ትራክተሩ የጎደለውን ጊዜ የሚበደረው ከሌሊቱ ነው። ለዚህም መብራት ያስፈልገዋል። ዛሬ ትራክተር ላይ ተጨማሪ መብራት መግጠም ከመለዋወጫ ሱቅ ሁለት መብራትና ጥቂት ሜትር ሽቦ ገዝቶ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ይመስላል። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረውን የዚህን ሥራ ታሪክ የተመለከተ ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ አያየውም። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በድምቀት መሰላል ነው፤ ከካርባይድ ወደ አምፖል፣ ከአምፖል ወደ ሃሎጅን፣ ከሃሎጅን ወደ ኤልኢዲ እየተባለ። እንደኔ እምነት ይህ አተራረክ ዋናውን ቁም ነገር ይዘላል። በየዘመኑ አደጋና ኪሳራ ያመጣው የመብራቱ ዓይነት ብቻ አልነበረም፤ መብራቱን የሚመግበው የኃይል ምንጭ፣ ኃይሉን የሚያደርሰው ሽቦ፣ መብራቱ የታሰረበት ቦታና ብርሃኑ ያረፈበት የሰው ዓይን ናቸው። የትራክተር መብራት ደኅንነቱ የተጠበቀው መብራቱ እንደ ተቀጥላ መታየቱ ቀርቶ የማሽኑ አንድ አካል ሆኖ በታሰበ ጊዜ ሁሉ ነው። ይህን ለማሳየት ታሪኩን ከሥሩ መከተል ይበጃል።

በሬም ሆነ ፈረስ በሚያርስበት ዘመን የሌሊት እርሻ ጥያቄ እምብዛም አልነበረም። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት እንስሳው ይደክማል፤ ቀንበሩ ይወርዳል፤ ሌሊቱ የዕረፍትና የመኖ ጊዜ ይሆናል። ይህን ልማድ ያናጋው ሞተር ነው። እንግሊዛዊው ጆን ፋውለር እ.ኤ.አ. በ1858 በእንፋሎት ለሚጎተት ማረሻው ከእንግሊዝ ንጉሣዊ የግብርና ማኅበር የ500 ፓውንድ ሽልማት ሲያገኝ፣ ውኃና ከሰል እስካገኘ ድረስ የማይደክም ጉልበት ወደ ማሳ መግባቱ ተረጋገጠ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በቤንዚንና በነጭ ጋዝ የሚሠሩ ትራክተሮች ሲመጡ ደግሞ ያ ጉልበት በአንድ ሰው የሚነዳ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የእርሻውን ቀን የሚያሳጥረው የእንስሳው ድካም ሳይሆን የነጂው ዓይን ነው። ትልሙን ካላየ ማረሻው ይስታል፤ ድንጋዩን ወይም ቦዩን ካላየ ማሽኑም እሱም ይገለበጣሉ። የመብራት ፍላጎት የተወለደው ከዚህ ነው፤ መልሱ ግን ከትራክተር ፋብሪካ ወዲያው አልመጣም።

በዚያን ጊዜ ከሚገኙት መብራቶች ከብርቱዎቹ አንዱ የካርባይድ መብራት ነበር። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። ከላይ ውኃ፣ ከታች ካልሲየም ካርባይድ የሚባል ግራጫ ድንጋይ መሰል ነገር ይቀመጣል፤ ትንሽ መክፈቻ ውኃውን በጠብታ ይለቃል፤ ውኃው ካርባይዱን ሲነካ አሴቲሊን ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ በቀጭን አፍ ወጥቶ ሲለኮስ ነጭና ደማቅ ነበልባል ይሰጣል። የማዕድን ቆፋሪዎች ባርኔጣ፣ የብስክሌትና የቀድሞ መኪኖች መብራት ሁሉ በዚህ ይሠራ ነበር። ችግሩ የሚጀምረው ይህ ዕቃ በሚንገጫገጭ ትራክተር ላይ ሲታሰር ነው። ንቅናቄው የውኃውን ጠብታ ያዛባዋል፤ መክፈቻው ከተዘጋ በኋላም ቀድሞ የወረደው ውኃ እስኪያልቅ ጋዙ መመረቱን አያቆምም፤ አሴቲሊን ደግሞ ከአየር ጋር ሲደባለቅ ከ2.5 በመቶ ጀምሮ እስከ 80 በመቶ ገደማ ባለው ሰፊ መጠን ሊቀጣጠል የሚችል ጋዝ ነው። በአንድ በኩል ክፍት ነበልባል፣ በሌላ በኩል የቤንዚን ታንክ፣ ከሥር የደረቀ ገለባ ሲገናኙ አደጋው ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት የተገኘው ከዚህ ነው፤ ብርሃን የሚሰጠው ዕቃ ያለ እንከን እየሠራ፣ ምንጩ ካልታሰበበት ማሳውንም ማሽኑንም ሊያሳጣ ይችላል።

ኤሌክትሪክ ነበልባሉን ከማሳ አስወጣው፤ ነገር ግን ራሱን የቻለ አዲስ ጣጣ ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1917 የወጣው ፎርድሰን ትራክተር ባትሪ አልነበረውም። ለሻማው ብልጭታ የሚሆነውን ኃይል የሚያመነጨው በሞተሩ ፍላይዊል ላይ የተገጠመ ማግኔቶ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ምንጭ ለመብራት ምን ያህል እንደማይመች ያሳየው የፎርድሰን ወንድም የሆነው የፎርድ ሞዴል ቲ መኪና ነው። እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ የመኪናው የፊት መብራቶች ከማግኔቶው ይመገቡ ነበር። ሞተሩ ሲፈጥን ኃይሉ ይጨምራል፣ ሲያዘግም ይቀንሳል። ስለዚህ አስቸጋሪ ቦታ ላይ ዝግ ብሎ የሚሄድ ነጂ፣ ብርሃን ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልገው ሰዓት መብራቱ ይደበዝዝበታል፤ ሲያፈጥን ደግሞ አምፖሉ ይቃጠልበታል። ሁለቱ አምፖሎች መጀመሪያ ላይ የተያያዙት በተከታታይ ስለነበር አንዱ ሲቃጠል ሌላውም አብሮ ይጠፋ ነበር። በዚህ ጊዜ ብርቱ አምፖል መግዛት ምንም አይፈይድም። ችግሩ የተፈታው በሞተሩ ቺንጋ የሚዞር ዲናሞ፣ ኃይሉን የሚያመጣጥን መቆጣጠሪያና ኃይሉን የሚያጠራቅም ባትሪ በአንድነት ሲገቡ ነው። ይህም ቢሆን በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ለብዙ ትራክተሮች ገዢው ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ የሚያስገጥመው ነገር ሆኖ ቆየ። መብራት የተቀጥላነት ስሙን ያገኘው በዚህ ዘመን ነው።

የሌሊት እርሻን ከግለሰብ ፍላጎት ወደ አገር ጉዳይ ያሸጋገረው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ብሪታንያ ከምግቧ አብዛኛውን ከባሕር ማዶ ታስመጣ ስለነበር፣ መርከቦቿ አደጋ ላይ ሲወድቁ የግጦሽ መሬቷን ማረስ ግድ ሆነባት። መንግሥት በ1939 ጦርነቱ ከመጀመሩ ከጥቂት ወራት በፊት የግጦሽ መሬቱን ለሚያርስ ገበሬ በኤከር ሁለት ፓውንድ መክፈል ጀመረ። በጦርነቱ መግቢያ ወደ 56 ሺህ የነበረው የትራክተር ቁጥር በ1946 ከ200 ሺህ በላይ ደረሰ። ብዙዎቹ ባትሪ የሌላቸው፣ በእጅ ማዞሪያ የሚነሡ ፎርድሰኖች ነበሩ፤ ከነጂዎቹም ብዙዎቹ በሴቶች የእርሻ ሠራዊት የታቀፉ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከመስከረም 1939 ጀምሮ ግን አገሪቱ በሙሉ በጨለማ እንድትዋጥ ታውጆ ነበር። የመኪና መብራት በክዳን ተሸፍኖ በቀጭን ስንጥቅ ብቻ ያልፋል። የፎርድሰን ብርቱካናማ ቀለም እንኳ ከአየር ጎልቶ ይታያል ተብሎ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። ሌሊት የሚያርሱ ነጂዎች በተከለለና ወደ መሬት ባዘነበለ ደካማ ብርሃን ይሠሩ ነበር። ጦርነቱ በግድ ያስተማረው ነገር ሰላም ሲሆንም አልተሻረም፤ ጥሩ የሥራ መብራት ማለት ብርሃኑ በሚፈለግበት መሬት ላይ ብቻ የሚያርፍ ማለት ነው። ወደ ሰማይና ወደ ሩቅ የሚበተን ብርሃን ለአራሹ አይጠቅመውም፤ ጭጋግና አቧራ ባለበት ደግሞ ተመልሶ የራሱን ዓይን ይመታል።

ከጦርነቱ በኋላ ባትሪና ዲናሞ የተለመዱ ሲሆኑ አዲስ ፈተና መጣ፤ እሱም የሒሳብ ፈተና ነው። በአሜሪካ ትራክተሮች እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ በብዛት ባለ 6 ቮልት ነበሩ። አንድ ዓይነት ብርሃን ለማግኘት ባለ 6 ቮልቱ ከባለ 12 ቮልቱ እጥፍ አምፔር ይጠይቃል፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ደግሞ በአንድ ዓይነት ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ነው። ወደ 12 ቮልት የተደረገው ሽግግር ትልቅ የደኅንነት እርምጃ የሆነው ለዚህ ነው። ያም ሆኖ በዚያ ዘመን ብሪታንያ ሠራሽ ትራክተሮች ላይ የሚገኙት የሉካስ ዲናሞዎች እንደ ሞዴላቸው ከ11 እስከ 22 አምፔር ብቻ ያመነጩ ነበር። ባለ 55 ዋት ሃሎጅን መብራት በ12 ቮልት ወደ 4.6 አምፔር ይወስዳል፤ አራቱ ሲደመሩ ከ18 አምፔር ይበልጣሉ። ባለ 11 አምፔር ዲናሞ ላይ አራቱን የገጠመ ሰው በየሰዓቱ ከ7 አምፔር ሰዓት የማያንስ ከባትሪው ይበደራል። በስምንት ሰዓት የሌሊት ሥራ 56 አምፔር ሰዓት ሄደ ማለት ነው፤ ይህም ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪን ባዶ ሊያስቀር ጥቂት የቀረው ነው። የናፍጣው ሞተር እየሠራ ሊያመሽ ይችላል፤ አንዴ ከጠፋ ግን ነጂው በጨለማ መሐል ሜዳ ቀረ። ይህን ስሌት ሳያደርጉ መብራት መጨመር ከባትሪው ዕድሜ ላይ መብላት ነው።

የጭነቱ ጉዳይ ወደ ፊውዝና ሪሌ ያመጣናል፤ ጥቅማቸው ግን ዛሬም በትክክል አይታወቅም። ብዙ ሰው ፊውዝ አምፖሉን የሚጠብቅ ይመስለዋል። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። አምፖሉ ቢቃጠል የሚጠፋው የአምፖሉ ዋጋ ነው፤ ሽቦው ቢቃጠል ግን በኮፈኑ ሥር ነዳጅ፣ ዘይት፣ አቧራና ገለባ አለ። አንድ ሽቦ በተበሳ ብረት ውስጥ ያለ ጎማ ቀለበት ሲያልፍ ምን እንደሚሆን በቅርብ መመልከት ይበቃል። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ የቀዳዳው ስለታም ጠርዝ የሽቦውን ላስቲክ በየደቂቃው ይፍቀዋል፤ ወራት ቆይቶ መዳቡ ይገለጣል፤ አንድ ቀን ብረቱን ሲነካ ሾርት ይፈጥራል። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ካለ በቅጽበት ይቆርጠዋል። ፊውዙ መብራቱ ዘንድ ከተቀመጠ ግን ከባትሪ እስከ ፊውዝ ያለው ረጅም ሽቦ በሙሉ ጠባቂ የለውም። ሪሌም እንዲሁ ነው፤ ከባዱን አምፔር በወፍራም ሽቦ በአጭር መንገድ ያሳልፋል፤ ነጂው ጋ ያለው ማብሪያ ትንሹን ኃይል ብቻ እንዲሸከም በማድረግ ከመቅለጥ ያድነዋል።

ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ የተከሰቱ ሦስት ለውጦች የመብራት ገጠማን ሕግ ከሥሩ ቀይረውታል። የመጀመሪያው የዋልታ ለውጥ ነው። በርካታ የብሪታንያ ትራክተሮች የባትሪውን ፖዘቲቭ ከሻሲው ጋር ያገናኙ ነበር። ዲናሞ በአልተርኔተር ሲተካ ልማዱ ወደ ኔጌቲቭ ዞረ፤ በአልተርኔተር ውስጥ ያሉት ዳዮዶች ባትሪ ተገልብጦ ሲገናኝባቸው ወዲያው ይቃጠላሉና ከዚያ በኋላ መሳሳት ውድ ዋጋ ያስከፍላል። ሁለተኛው የመገልበጥ መከላከያው ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ ትራክተር ሁሉ ነጂውን ከመጨፍለቅ የሚጠብቅ ብረት እንዲኖረው በሕግ ደነገገች፤ ከዓመታት በኋላ በመገልበጥ የሚሞቱ ሰዎች ቁጥር እጅግ ቀነሰ። መብራትም ወደዚያ ከፍ ያለ ብረት ወጣ። ነገር ግን ያ ብረት የተሠራው በአደጋ ጊዜ ተጣጥፎ ኃይሉን እንዲውጥ ነው፤ ለመብራት ተብሎ ሲበሳ ወይም ሲበየድ ይዳከማል። ማሰሪያው ዙሪያውን አቅፎ የሚይዝ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ሦስተኛው ድምፅ የሚቀንሰው ጋቢና ነው። በ1970ዎቹ ብሪታንያ በጋቢና ውስጥ ያለው ጩኸት ከ90 ዴሲቤል እንዳያልፍ ስትወስን ጋቢናዎች በጎማ መቀመጫ ላይ ተተከሉ። ጎማ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ጣሪያ ላይ የተገጠመ መብራት የመመለሻ መንገዱን ከብረቱ መጠበቅ አይችልም፤ የራሱ የመመለሻ ሽቦ ያስፈልገዋል። ሦስቱም ለውጦች ስለ መብራት ታስበው የተደረጉ አይደሉም፤ ሦስቱም ግን መብራት የሚገጥመውን ሰው ይመለከታሉ።

የመንገዱ ታሪክ ከማሳው የተለየ ነው፤ በዚያ ብርሃን ለማየት ብቻ ሳይሆን ለመታየትም ነውና። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተካሄደ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዝግ ብለው የሚሄዱ ማሽኖች ከኋላ ሊኖራቸው የሚገባውን ብርቱካናማ ሦስት ማዕዘን ምልክት አስገኘ። በ1968 የተፈረመው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ደግሞ፣ ከወደ ኋላ መሄጃ መብራትና ከመሰል ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ተሽከርካሪ ወደ ኋላ ነጭ ብርሃን እንዳያሳይ ይከለክላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሌሊት ነጭ ብርሃን ያየ ሾፌር ወደ እሱ የሚመጣ መኪና አለ ብሎ ያስባል፤ ያየው ግን ከፊቱ በዝግታ የሚሄድ ትራክተር የማረሻ መብራት ከሆነ ርቀቱንም ፍጥነቱንም ይስታል። ስለዚህ የሥራ መብራት የራሱ ማብሪያ ኖሮት ከመንገድ መብራቱ ተለይቶ መጥፋት አለበት።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በነበረበት አካባቢ፣ በሁመራ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ፣ በአዋሽ ሸለቆ ጥጥ ላይ ትራክተር በስፋት የገባው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው፤ በአርሲ ብዙ ጭሰኞችን ከመሬታቸው ማፈናቀሉም የዚሁ ታሪክ አካል ነው። ከየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሰፋፊዎቹ እርሻዎች ወደ መንግሥት ሲዞሩ የትራክተሩ ምንጭም ተቀየረ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በናዝሬት የተቋቋመው ፋብሪካ የቤላሩስ ትራክተሮችን ይገጣጥም ነበር። እንግዲህ በአገራችን ጋራዦች የብሪታንያ፣ የአሜሪካ፣ የሶቪየትና የኋለኞቹ ዘመናት ማሽኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። ዲናሞ ያለው አለ፣ አልተርኔተር ያለው አለ፤ ፖዘቲቩ ሻሲ ላይ የታሰረ አሮጌም፣ ኔጌቲቩ የታሰረ አዲስም ይኖራል። በሌላ አገር ሦስት ትውልድ የተካፈለውን ታሪክ የኛ መካኒክ በአንድ ቀን ሊያስተናግድ ይችላል። አንዱ ላይ የሠራው ሌላው ላይ ይሠራል ብሎ መገመት የማይቻለው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ኤልኢዲ ሽሮታል የሚል ሰው ይኖራል። እውነት አለው። ባለ 27 ዋት ኤልኢዲ ከሁለት አምፔር ጥቂት ቢበልጥ ነው የሚወስደው፤ ቀድሞ ዲናሞውን ያንበረክኩ የነበሩት አራት መብራቶች አሁን ከ9 አምፔር አይበልጡም። ግን ሽቦ ብረት ሲነካ የሚፈሰው ኃይል የሚወሰነው በመብራቱ አይደለም፤ በባትሪው ነው። ሞተር የሚያስነሣ ባትሪ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል። ስለዚህ መብራቱ ትንሽ ቢበላም ፊውዝ የሌለው ሽቦ አደጋነቱ አልተቀየረም። ኤልኢዲ ዋልታ ይመርጣል፤ ተገልብጦ ሲገናኝ አይሠራም ወይም ይበላሻል። ያልተጣራ ርካሽ ዓይነቱ የሬዲዮና የጂፒኤስ ምልክት ይረብሻል። ጥቂት ይበላል ተብሎ በአንድ መስመር አሥሩ ሲደረደር ደግሞ ወደ ድሮው ሒሳብ መመለስ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የኑሮ ነው። በናስትሮ ተጠቅልሎ ከባትሪው በቀጥታ የተያያዘ መብራት ለዓመታት ሲሠራ ይታያል፤ ገንዘብ ለሌለው ሰው ፊውዝና ሪሌ ቅንጦት አይሆንበትም ወይ? ለዓመታት የሠራው ይቆጠራል፤ የተቃጠለው ግን በጋራዥ አይታይም። ከዚህም በላይ የመብራቱ፣ የሽቦውና የብረቱ ማሰሪያ ዋጋ አንዴ ከወጣ፣ ፊውዝና የጎማ ቀለበት ከሁሉም የሚረክሱት ናቸው። ድሀው ገበሬ ትራክተሩን መልሶ የሚገዛበት አቅም ስለሌለው ጥንቃቄው ከሀብታሙ ይልቅ ለሱ ይበልጥ ይገባዋል። ሌሊት ማረሱ ራሱ መቅረት አለበት የሚሉም አሉ። ክርክራቸው ክብደት አለው፤ መብራት ጨለማን ያርቃል እንጂ ድካምን አያርቅም፤ ተራ የሚለዋወጥ ሁለተኛ ነጂ የሌለው ሰው መብራት ስላለው ብቻ እስኪነጋ መንዳት የለበትም። የወቅቱ ግዴታ ግን እውነት ነው፤ ዝናብ ለማንም አይቆምም። ሌሊት መሠራቱ ካልቀረ በተስተካከለ ብርሃን መሠራቱ የግድ ነው።

ስለዚህ መብራት ከመግዛትህ በፊት ትራክተርህን አጥና። የትኛው ዋልታ ሻሲ ላይ እንደታሰረ እይ፤ ዲናሞው ወይም አልተርኔተሩ ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ጠይቅ፤ የምትጨምረውን ደምር። ሥራው ሲጀመር ከሻሲ ጋር የታሰረውን ተርሚናል አስቀድመህ ፍታ፤ ሲያልቅ መጨረሻ ላይ መልሰው። ፊውዙን ለሽቦው ውፍረት በሚስማማ መጠን መርጠህ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ አስቀምጥ፤ ሽቦው ብረት በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ የጎማ ቀለበት አድርግ፤ ከትኩስ ጭስ ማውጫና ከሚዞር ነገር አርቀህ እሰረው። የመገልበጥ መከላከያውን አትብሳ፣ አትበይድ። መብራቱን ወደ መሬት አዘንብል፤ አስፋልት ከመውጣትህ በፊት አጥፋው። የመካኒክነት ሙያ የሚያስተምሩ ተቋማትም ይህን ከሞተር ጥገና እኩል ቦታ ሰጥተው ሊያስተምሩት ይገባል፤ በሌሊት የሚነዳውን ሰው ሕይወት የሚጠብቀው እነዚህን ትንንሽ ሥራዎች አውቆ የሠራ እጅ ነውና።